ለሚካኤል የጠራኋቸው

የካቲት 18

ዛሬም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ገባሁ። ቢሮ! አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ «ቢሮ ገባሁ» ብዬ ስጽፍ እስካሁን ያስቀኛል። ጠረጴዛ አለኝ። የሚሽከረከር ወንበር አለኝ፤ አንድ ጎማው ወልቋል እንጂ ይሽከረከራል። ማኅተሙም በእኔ መሳቢያ ነው። በሩ ላይ «የአካል ጉዳተኞች የመረጃና የድጋፍ ማዕከል» ይላል። ጥር ላይ ስቀጠር ጽሑፉን ደጋግሜ ያነበብኩት እኔው ነኝ መሰለኝ፤ ሌላው ሰውማ ዝም ብሎ ያልፋል።

ጠዋት አንድ ገበሬ አንገቱን አስግጎ፣ «እዚህ የምትሸጡት ምንድን ነው?» አለ።

«መረጃ ነው» አልኩት።

«በኪሎ ነው በቁና?»

ባልደረባዬ እንዳላማው ከጥግ ሆኖ፣ «በጆሮ ነው። ጆሮዎን ይዘው ይምጡ እንጂ ሞልተን እንሰጥዎታለን» አለው።

ሰውየው ሳቀ፣ ሳቀና፣ «እኔማ የመጣሁት ለወንድሜ ነው። እሱ ደግሞ አይሰማም» አለ።

የምልክት ቋንቋ የሚያስተምሩበትን ትምህርት ቤት ነገርነው። እንዳላማው ስልክ ቁጥሩን በቃሉ ነገረው። ይሄ ሰው ጉድ ነው… ዓይኑ በልጅነቱ በኩፍኝ ጠፍቶ ቅኔ ቤት ያደገ ነው። ሥራው ስልክ ማንሣት ነው፤ የሁለት መቶ ሰው ቁጥር በጭንቅላቱ ይዟል። እኔ የራሴን ቁጥር አላውቅም።

የካቲት 20

ደብዳቤ መጣ። ከአዲስ አበባ፣ በእንግሊዝኛ። ኃላፊያችን አቶ ደመላሽ ነገ ለአራት ሳምንት ገደማ ለሥልጠና ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ሻንጣውን እየዘጋ ነበር። «ሽታዬ፣ ትችዪዋለሽ?» አለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው! «ለእኔ ይተዉልኝ» አልኩ።

መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግን ተወጣሁት። ተሽከርካሪ ወንበር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሰውየው ራሱ መገኘት አለበት፤ ወገቡ፣ ጭኑ፣ ክንዱ ተለክቶ በልኩ ይሠራለታል። በነፃ። ከተለካ በወሩ ይደርሳል። የሚመጡት በሁለት ዓመት አንዴ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ቦታው ከመናኸሪያው በታች ያለው አዳራሽ። ቀኑ ማርች 12።

ጃንዋሪ ጥር፣ ፌብሯሪ የካቲት፣ ማርች መጋቢት… አራተኛ ክፍል በዜማ ነው ያስጠኑን። መጋቢት 12። ሚካኤል! እንዲህ ያለ መልካም ቀን ከየት ተገኘ? ቁጥር ይረሳል፣ ሚካኤልን ማን ይረሳል?

እንዳላማው «ምን ይላል? እስቲ አንብቢልኝ» ብሎኝ ነበር። «እንግሊዝኛ ነው መሪጌታ፣ ምን ያደርግልሃል? በሚካኤል ለት ይመጣሉ፣ አለቀ» አልኩት።

ማስታወቂያውን በትልልቁ ጻፍኩ። ጽሑፌ ያምራል… ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ማን ይታዘበኛል? ያምራል።

የካቲት 25

ደምበጫ ደርሼ መጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ አነበቡልኝ፤ ገበያው ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ጮህኩ። «ለሚካኤል! በጠዋት! ደብረ ማርቆስ!» ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ወደ ጉንደ ወይን ደግሞ ማስታወቂያውን በሹፌር ልኬያለሁ።

የብርጓልን ያገኘኋት እዚያው ገበያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ። በሕፃንነቷ ፖሊዮ ይዟት እግሮቿ አይታዘዙም። አባቷ አያ ፈንታ አዝሏት ነበር የቆመው። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥረኛ ያስተማራት እንዲሁ አዝሎ ነው። እሱ ስድሳ አልፎታል። ስናወራ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁት… እሷም አየችኝ ሳየው።

«እትዬ ሽታዬ፣ እውነት በነፃ ነው?» አለች።

«በነፃ!»

«ውሸትሽን እንዳይሆን!»

«ለሚካኤል ነይና ውሸቴን እዪው።»

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሊቀጥራት ይፈልጋል። ጽሑፍ መምታት ታውቃለች። ባለቤቱ ግን፣ «ራስሽን ችለሽ ከመጣሽ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እጠብቅሻለሁ፤ አባትሽ በየቀኑ አዝለው ሲያመጡሽ ግን ደንበኛዬ ይሳቀቃል» ብሏታል። ደንበኛው ይሳቀቃል! ቆጠርኩት። መጋቢት 12 ተለክታ ሚያዝያ 12 ወንበሯ ይመጣል። ዳግማይ ትንሣኤ ሚያዝያ 19። ይደርሳል!

አያ ፈንታ፣ «እኔስ አይደክመኝም። እሷ ናት የምትደክመው» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ፤ መታዘሉ ነው።

መጋቢት 3

በዓታ። ኔትወርክ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም። ማንም አልመጣም። ፀሐይ ሞቅሁ፣ ጥፍሬን ቆረጥኩ። እንዳላማው ስለ ቅኔ ቤት ቁንጫ ሲያወራ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ደስ የሚል ቀን።

መጋቢት 11

መቀመጥ አልቻልኩም። ከመናኸሪያ ወደ አዳራሹ ቁልቁለት ነው፣ ማን ያወርዳቸዋል ብዬ ሦስት ባጃጅ ለመንኩ። አንደኛው ልጅ፣ «እናቴ፣ ለጽድቅ ነው?» አለኝ። «ለጽድቅ ነው» አልኩት። «እንግዲያስ ነዳጁን ሚካኤል ይሞላልኛላ!» አለ። ይመጣል ግን።

ነገ ነጩን ቀሚሴን ነው የምለብሰው።

መጋቢት 12

ሠላሳ ሰባት ሰው መጣ።

አዳራሹ ተዘግቷል። ገና ነው አልን፣ ቆየን። ሦስት ሰዓት ሆነ። ከጉንደ ወይን አንዲት አሮጊት በቃሬዛ መጥተዋል። አራት ሰው ተሸክሟቸው፣ ጃንጥላ ተይዞላቸው… የብርጓል አዲስ ሻሽ አስራለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው፣ አያ ፈንታ እስከ አስፋልቱ አዝሏት ነው የመጡት።

ዘበኛው ከውስጥ ወጣ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ሊለኩን ነው» አለች የብርጓል።

«የወንበሮቹ ሰዎች? እነሱማ በበዓታ መጥተው ሄዱ!»

የብርጓል ዞራ አየችኝ።

«በበዓታ ነው የምላችሁ። ድንኳን ጥለው ዋሉ። የዚህ ሠፈር ሰው መኪናውን አይቶ ስድስት ያህል መጣ። ሌላ ሰው ጠበቁ፣ ጠበቁ… ስልክም አልሠራ አላቸው። አሥር ሰዓት ላይ ጓዛቸውን ጫኑ።»

ጮህኩ። «ቀኑን ቀይረው ነው! ሳይነግሩን ቀይረው ነው!» አልኩ። አምኜ ነው ያልኩት። ዛሬ ጠዋት አምኜ ነበር።

አያ ፈንታ ልጁን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ወገቡን ያዘ። ከዚያ እኔን ማጽናናት ጀመረ። እኔን! «ተይ ልጄ፣ አትቆጪ። የትልቅ ሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ድሀን ቀጥሮ ይረሳል» አለኝ። የብርጓልም፣ «እትዬ፣ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ጉሮሮሽ እስኪዘጋ ጮኸሽልናል» አለች። ሻሿን ፈታ ፊቷን ጠረገችበት። አላለቀሰችም፤ ላብ ነው አለች።

ለአሮጊቷ ምን እንደተፈጠረ አልነገሯቸውም። «ለኩኝ ወይ?» ሲሉ፣ «አዎ እማማ፣ ጨረሱ» አሏቸው ተሸካሚዎቹ።

መጋቢት 13

ትናንት መጻፍ አቅቶኝ የተውኩት አለ። ልጻፈው።

ቢሮ ስመለስ እንዳላማው ሁሉን ሰምቷል። «ወረቀቱን አውጪ። አሁን ቃል በቃል አንብቢልኝ» አለ። ማንበብ ጀመርኩ። ቀኑ ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

«ምን አልሽ?»

«ማርች አሥራ ሁለት።»

ጣቱን እንኳ አልቆጠረም። «በዓታ ነዋ!» አለ።

«ምኑ?»

«የፈረንጅ መጋቢት ከእኛው ዘጠኝ ቀን ይቀድማል። ማርች አሥራ ሁለት መጋቢት ሦስት ነው። አንቺ ሆዬ፣ ባሕረ ሐሳብ ስቆጥር ያደግኩ ሰው ነኝ። ለምን አላነበብሽልኝም?»

ምን ልበል? የገና ቀናቸው ከእኛ እንደሚለይ አላውቅም? አዲስ ዓመታቸው እንደሚለይ አላውቅም? አውቃለሁ! ሕፃን ያውቀዋል! ግን ማርች መጋቢት… ዜማው አፌ ላይ መጣ፣ ሚካኤል ደግሞ ደስ አለኝ… በቃ።

«እንግሊዝኛ ነው ብዬ…»

«እንግሊዝኛውን ማን ጠየቀሽ? ቁጥሯን ብትነግሪኝ ይበቃኝ ነበር» አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «በሩ ላይ የአካል ጉዳተኞች መረጃ ይላል አላልሽኝም? ያው እኔ አንድ አካል ጉዳተኛ ነኝ። መረጃው አሥራ ሦስት ቀን ክንዴ አጠገብ ተቀምጦ አልደረሰኝም።»

ቆየት ብሎ ደግሞ ለራሱ እንደሚያንጎራጉር ሆኖ፣ «ማሩን በማርች በሉት፣ ለእኛ ግን ሰሙ ቀረ» አለ።

ሰሙ… የማሩን ሰም ነው? ወይስ ሰዎቹ ጥሪዬን «ሰሙ»፣ ሰምተው ብቻ ቀሩ ማለቱ ነው? ሁለቱንም ነው። ቅኔ ያስለቅሳል ሲሉ አላምንም ነበር።

መጋቢት 14

የብርጓል ደወለች። በዘመዷ ስልክ ነው። «እትዬ፣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። አባቴ ወገቡን ታሞ ተኝቷል፣ ግን ይሻለዋል።»

አልነገርኳትም።

መጋቢት 17

አቶ ደመላሽ ተመለሰ። ሁሉን ነገርኩት፣ እያለቀስኩ። በሩን ዘጋ። ቁጭ ብሎ ሪፖርቱን ራሱ ጻፈ። አስነበበኝ፦ «ተጠቃሚዎች በግንዛቤ እጥረት ምክንያት በተባለው ቀን ሊገኙ አልቻሉም።»

«የማን ግንዛቤ?» አልኩ።

«እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ ቅርጹ ነው። ማንንም አይጎዳም።»

«እነሱ እኮ መጥተዋል! በቃሬዛ መጥተዋል!»

«ሽታዬ፣ ስሚኝማ። እውነቱ ይጻፍ ካልሽ ነገ እዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ለአንቺ ብዬ ነው። ማኅተሙን አምጪ።»

ወንበሬን አየሁት። ጎማው የወለቀውን።

አተምኩ።

መጋቢት 18

«የግንዛቤ እጥረት።» ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተነሣ ሰው ግንዛቤ አጥሮት… እኔ ነኝ ያተምኩት፣ እነዚህ ጣቶች ናቸው።

መጋቢት 24

ከአዲስ አበባ ተደወለ። ወንጌላዊት ትባላለች፣ የወንበሮቹ ሰዎች አስተባባሪ። ትሑት ልጅ ናት፣ «እርስዎ» እያለች ነው የምታናግረኝ። ሪፖርቱ ደርሷቸዋል። «በአካባቢው ፍላጎት ስለሌለ ከሚቀጥለው ዙር ደብረ ማርቆስን አውጥተናል። ቦታው ለሌላ ከተማ ይሰጣል። ተቃውሞ ካለ ተጠቃሚዎቹ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በጽሑፍ ይላኩ» አለች።

ፍላጎት ስለሌለ!

«እሺ» አልኩ። አልኳት እኮ! እንደ አፈኛነቴ… ገበያ መካከል የምጮህ ሴት፣ አንድ ቃል ቸገረኝ። «እሺ፣ አመሰግናለሁ።»

እንዳላማው ስልኩን ያቀበለኝ እሱ ስለሆነ ሰምቷል። «ማንንም አይጎዳም ብሎሽ ነበር አይደል?» አለ። በተዘጋው በር ያልነውን ለካ ሰምቷል፤ ያተምኩትንም ያውቃል። የማኅተሙን ድምፅ ለይቶ ያውቃል።

መጋቢት 28

ደምበጫ ሄድኩ። ከገበያው ወደ ቤታቸው አንድ ሰዓት በእግር ነው። ዳገቱ ላይ ሁለቴ ተቀመጥኩ። አያ ፈንታ ይሄን ዳገት ሰው አዝሎ ነው የሚወጣው።

አያ ፈንታ መደብ ላይ ተጋድሟል። ሊነሣልኝ ሞከረ፣ «አይነሡ፣ በማርያም» አልኩ። የብርጓል መሬት ላይ ሆና ምስር ትለቅማለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። «እትዬ! ተመልሰው ሊመጡ ነው?»

ቆሜ ተናገርኩ። ብቀመጥ አልናገርም ነበር። ማርችን፣ መጋቢትን፣ ለእንዳላማው አለማንበቤን። ሪፖርቱን፣ ማኅተሙን። ከሚቀጥለው ዙር መውጣታቸውን፣ ተቃውሞ ካለ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው መጻፍ እንዳለባቸው።

ምስሩን መልቀም አላቆመችም።

«ታዲያ ግንዛቤ ያጠረኝ እኔ ነኛ» አለች።

«አይደለሽም…»

«አባቴስ? እሱም አጥሮት ነው? አባ፣ ሰማህ? ግንዛቤ አጥሮህ ነው ወገብህ የተቀጨው።»

«የብርጓል» አለ አያ ፈንታ። «ሰው ይሳሳታል፤ ቀን መሳት…»

«ቀን መሳትማ ይሁን! ማንም ይስታል! ማኅተሙስ? እሱም ተሳስቶ ነው የወረደው?»

ነጠላዬን አጣፋሁ።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። «ያን የእንግሊዝኛ ወረቀት ያምጡልኝ። ሪፖርቱንም። የሚጻፈውን እኔ እጽፋለሁ።»

ያምጡልኝ አለችኝ።

ሚያዝያ 2

ደብዳቤው ሄደ። የብርጓል ጻፈችው፣ እንዳላማው በስልክ እየሰማ አቃና። «ግንዛቤ ቢያጥረንማ ዘጠኝ ቀን ዘግይተን በአንድ ሰዓት ሠላሳ ሰባት ሆነን አንገኝም ነበር» የሚለው የእሷ ነው። ሠላሳ አንድ ፊርማና የጣት አሻራ አለበት። የጉንደ ወይኗ አሮጊት ግን የሉም። ዐርፈዋል። «ተለክቻለሁ» እያሉ ነው አሉ ያረፉት።

እኔ የእንግሊዝኛውን ወረቀትና የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አያያዝኩ። ከሥሩ፣ «ቀኑን የተሳሳትኩት፣ ሪፖርቱንም እውነት አለመሆኑን እያወቅሁ ያተምኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። ጽሑፌ አላማረም።

አቶ ደመላሽ ቅጂው ደርሶት እጁን ዘረጋ። «ማኅተሙን አስረክቢ።» አስረከብኩ። «እኔ ለአንቺ ብዬ…» አለ። «አውቃለሁ፤ አንተ ሁሌም ለሰው ብለህ ነው» አልኩት። አንተ አልኩት። ደስ አለኝ፣ ለደቂቃ። ከዚያ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ሚያዝያ 20

ዳግማይ ትንሣኤ ትናንት አለፈ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሌላ ልጅ ቀጠረ።

ግንቦት 14

እንዳላማው ደወለልኝ። የወንበሮቹ ሰዎች ደብዳቤው ደርሷቸው ለአንድ ቀን ተመልሰው መጥተው ዛሬ ሲለኩ ዋሉ። ቀኑን «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለው ጽፈው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል አለኝ፤ አዲሲቱ ጸሐፊ ወረቀቱን እስከ ነጥቡ አንብባለታለች። ሃያ ስምንት ሰው ተለክቷል። የብርጓልም።

«ደስ አለሽ?» አለኝ።

ደስ ብሎኛል። ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ የሰው ቤት ሠርግ ከአጥር ውጭ ሆኖ እንደ መስማት ነው።

«ስለ እኔ ጠየቀች?»

«አልጠየቀችም» አለ። አይዋሽም ይሄ ሰው።

ሰኔ 17

ደምበጫ ሄጄ መጣሁ። ማንም አልጠራኝም። ወንበሮቹ ባለፈው ሳምንት ደርሰዋል ሲሉ ሰምቼ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ነበር። ከሩቅ አየኋት። ሰማያዊ ወንበር ነው። ጎማውን በሁለት እጇ እያሽከረከረች፣ ጭቃው እስከ ክርኗ። አያ ፈንታ ከኋላ ይከተላል። ወገቡ ሙሉ በሙሉ አልቀናም። ጋቢውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ያጣፋል፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

ሳመኝ። «ጀርባዬ በረደኝ ልጄ» አለኝ፣ እየሳቀ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት።

«ደኅና ነዎት፣ ወይዘሮ ሽታዬ» አለች።

ወይዘሮ። ነዎት። እትዬ የለም፣ አንቺ የለም። የሚያስቀይም ቃል አልተናገረችም፤ እንዲያውም አክብራኛለች።

አሁን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ትጽፋለች። አንዳንድ ቀን ሁለት ሰው ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ማንም የለም። ወደዚያው እየሄደች ነበር። ጎን ለጎን ሄድኩ፤ አይምጡ አላለችኝም። በፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት ለፊት አለፍን። በሩ ክፍት ነው፣ ቁጥርጥር የተሠራች ልጅ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብላ ታትማለች። የብርጓል ቀና ብላ ፊት ለፊቷን እያየች አለፈች። እኔ ነኝ አንገቴን የደፋሁ።

«በየቀኑ በዚህ ነው የምትሄጂው?» አልኩ። ምነው አፌን በዘጋሁት። «በወዲያኛው መንገድ ብትሄጂ አይሻልም?»

«የወዲያኛው ደረጃ አለው» አለች።

ወደ ፍርድ ቤቱ የሚያወጣው ዳገት ጋ ስንደርስ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባ። እየታገለች ነው፣ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። እጄ ሳላስበው ወደ ወንበሩ መግፊያ ተዘረጋ። አያ ፈንታ ክንዴን ያዘኝ።

«ተያት» አለኝ በቀስታ። «እኔንም አታስነካኝም።»

ቆምን፣ እኔና እሱ፣ ባዶ እጃችንን። እሷ ወጣች።